ረጅም ግንብ በአንድ ሲባጎ አይቀናም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጣችሁ ስለ ግንባታ ዕቃ ዋጋ በተለይም ስለ ሲሚንቶ በየጊዜው የሚያወጣቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። በግንበኝነት ሙያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ በእነዚያ ጽሑፎች ውስጥ ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ጉዳይ እንዳለ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ልኬአለሁ። ጉዳዩ ሲባጎ፣ ማለትም የብሎኬቱ ረድፍ ቀጥ እንዲል ከማዕዘን እስከ ማዕዘን የሚወጠረው ክር ነው። ብዙ ባለንብረት በልስን ጊዜ ካሰበው በላይ ሲሚንቶ ሲያልቅበት ለሳኙን ወይም ዘበኛውን ይጠረጥራል፤ እኔ ካየሁት ግን ሲሚንቶው የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ግንቡ ሲወጣ ሲባጎው በወጉ ባለመያዙ ነው። ይህ በተለይ ርዝመታቸው ከ15 እና ከ20 ሜትር በሚያልፍ የብሎኬት አጥሮችና የመጋዘን ግድግዳዎች ላይ ጎልቶ ይታያል።

የራሴን ጥፋት ላስቀድም። በ1988 ዓ.ም.፣ ገና ጎረምሳ ግንበኛ ሳለሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ ግቢ አጥር ተሰጥቶኝ ነበር። የአንደኛው ጎን ርዝመት 42 ሜትር ነው። ሁለቱን ማዕዘኖች በቱንቢና በውሃ ልክ አስተካክዬ አራት አራት ረድፍ ካወጣሁ በኋላ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አንድ የናይለን ሲባጎ ወጠርሁ። ሲባጎው በጣት ሲነካ እንደ ክራር ክር ይጮህ ስለነበር ቀጥ ማለቱን ለአፍታም አልተጠራጠርሁም። የደብረ ብርሃንን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ጸጥ ብሎ ይውልና ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አቧራውን እያስነሣ ይመጣል። እኔም ነፋሱን ለዓይኔ እንጂ ለሲባጎው አላሰብሁለትም። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ሥራውን የሰጠኝ ሽማግሌ ግንበኛ መጣና ምንም ሳይናገር ማዕዘኑ ጥግ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያም፣

«ና እስቲ፣ አንገትህን ዝቅ አድርገህ ከዚህ ጋር እይ» አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ስመለከት የላይኛው ረድፍ መሐሉ ላይ እንደ አሮጌ በቅሎ ጀርባ ዘቅጧል። አጥሩ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለነበር የማለዳዋ ፀሐይ በግድግዳው ላይ ታክካ ታልፋለች፤ መሐሉ ወደ መንገዱ ሆድ ማውጣቱን ጥላው ራሱ ያሳይ ነበር።

«ጋሼ፣ ሲባጎው እኮ ተወጥሯል፤ ሲነካ ይጮሃል» አልሁት።

«ጮኾ ዋሸህ» ብሎ ውሃ ያለበትን ቱቦ እንዳመጣ ላከኝ።

ስንለካው መሐሉ ከማዕዘኖቹ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ወደ ውጭ ደግሞ ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ ተገኘ። የመሠረቱ ድንጋይ አናት ወጣ ገባ ስለነበር የከፍታው ጉድለት በመጀመሪያው ረድፍ ሥር ባለው ሲሚንቶ ውስጥ ተደብቆ አልፏል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ረድፎች ሁሉ ያንኑ ጉብጠት እየተቀባበሉ ወጥተዋል። ወደ ሠላሳ ሜትር የሚሆነውን አፈረስን፤ የብሎኬቱ ስብራትና የቀን ሠራተኛው ዋጋ ከእኔ ሒሳብ ላይ ተቀነሰ፤ ተገቢም ነበር።

ሲባጎው የዋሸኝ ለምን እንደሆነ በሒሳብ የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በሁለት ጫፍ የተወጠረ ክር ምንም ያህል ቢሳብ በራሱ ክብደት ወደ ታች መርገቡ አይቀርም። የሚረግብበት መጠን የአንድ ሜትር ክብደቱ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ እንደገና በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ከዚያ ለተሳበበት ኃይል ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ርዝመቱ ሁለት ጊዜ መባዛቱን ልብ ይሏል፤ ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን በሜትር 1 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን በ5 ኪሎ ግራም ኃይል ብንወጥረው በ10 ሜትር ላይ የሚረግበው 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ይህንን ዓይንም አያየው፣ ልስንም አይቸገርበትም። በ20 ሜትር ግን 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ40 ሜትር 40 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም አራት ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ ጉድለቱ በአራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

አብዛኛው ግንበኛ ለዚህ የሚሰጠው መልስ «አጥብቀህ ሳበው» የሚል ነው። ነገር ግን የ40 ሜትሩን ሲባጎ እንደ 10 ሜትሩ ለማቅናት በዚሁ ስሌት 80 ኪሎ ግራም መሳብ ያስፈልጋል። ያን ያህል ከመድረሱ በፊት ወይ ሲባጎው ይበጠሳል፣ ወይ ደግሞ ትናንት የተቀመጠው የማዕዘን ብሎኬት ገና ካልጠነከረው ሲሚንቶ ላይ ተነቅሎ ይመጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የተበጠሰ ሲባጎ ይታያል፣ በሦስት ሚሊ ሜትር የተሳበ ማዕዘን ግን አይታይምና። በየሥራ ቦታው የለመድነው ሲባጎውን በቁራጭ ብሎኬት ላይ ጠምጥሞ ማዕዘኑ አናት ላይ መጫን ነው። ለአጭር ግድግዳ ይህ በቂ ነው፤ ለረጅም ግን ከማዕዘኑ ውጭ የሞራሌ እንጨት ተክሎ በአግዳሚ አጠንክሮ ሲባጎውን እርሱ ላይ ማሰር ይሻላል፤ ያን ጊዜ ማዕዘኑ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ ሸክም አይሸከምም።

ስለ ሲባጎው ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ቃሉን ከነዕቃው ከጣሊያኖች ወስደነዋል፤ ስፓጎ የሚሉት ነው፤ ፌሮና ባሬላም በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ሲባጎ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ክር ክብደቱ አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ወፍራሙን «ይጠነክራል» ብሎ የሚገዛ ሰው መርገቡንም በአራት እጥፍ ገዝቷል። የቃጫ ሲባጎ ለማሰሪያ እንጂ ለግንብ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ናይለንም ቢሆን እርጥበት ሲነካውና ለረጅም ሰዓት ተወጥሮ ሲቆይ እየተለጠጠ ይሄዳል፤ ጠዋት የተወጠረው ሲባጎ ከምሳ በኋላ ያው አይደለም፤ እንደገና መሳብ አለበት። ተበጥሶ የተቋጠረ ሲባጎም እንዳለ ለአጭር ግድግዳ ይተላለፍ፤ ቋጠሮው መሐል ድጋፍ ላይ ሲያርፍ ክሩን በቋጠሮው ውፍረት ያነሣዋልና። ቀለሙን በተመለከተ ግራጫ ብሎኬት ላይ ነጭ ክር በቀትር ፀሐይ አይታይም፤ ቢጫ ወይም ሮዝ ይሁን።

እንግዲህ መፍትሔው አጥብቆ መሳብ ካልሆነ መክፈል ነው። 40 ሜትር መሐሉ ላይ አንድ ድጋፍ ሲያገኝ ሁለት 20 ሜትር ይሆናል፤ ጉድለቱም ከአራት ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ይወርዳል። ሦስት ድጋፍ ካገኘ አራት 10 ሜትር ነው፤ ጉድለቱ ከዚያ በኋላ ከመጋጠሚያው ሲሚንቶ ለይቶ ለማየት ይቸግራል። ድጋፉ ገንዘብ የሚጠይቅ መሣሪያ አይደለም። መሐሉ ላይ አንድ ብሎኬት በሲሚንቶ ላይ በወጉ ይቀመጣል፤ ቀጥ ማለቱ በውሃ ልክ ይታያል። በላዩ ላይ ከጠንካራ ካርቶን ወይም ከአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ የተቆረጠ ጠፍጣፋ ቁራጭ ወደ ውጭ ጥቂት ወጣ ተደርጎ ይደረጋል፤ ሲባጎው ቁራጩ ላይ ያርፋል፤ ቁራጩ እንዳይንቀሳቀስ ግማሽ ብሎኬት ይጫንበታል። ይኸው ነው። አንድ የለመደ ሰው ይህን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል።

አስቸጋሪው የዚያን መሐለኛ ብሎኬት ከፍታ ማግኘቱ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የተወጠረውን ሲባጎ አይተው ብሎኬቱን ከሲባጎው ጋር እኩል ያደርጉታል። ሲባጎው ግን አስቀድሞ ረግቧል፤ ስለዚህ ድጋፉ የተቀመጠው ጉድለቱን ለማጽደቅ ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ አንድ ሰው ማዕዘኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲባጎውን ሳይሆን የሁለቱን ማዕዘን ብሎኬቶች ጠርዝ እያየ መሐል ላይ ያለውን ባልደረባውን «ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ውስጥ» እያለ ሦስቱ ጠርዞች አንድ እስኪሆኑ ድረስ ማዘዝ ነው። ሁለተኛው በሁለቱ ጫፎቹ ውሃው እኩል ከፍታ በሚይዝ የውሃ ቱቦ መለካት ነው። ቱቦው ግልጽ የሆነ፣ ውስጡ የአየር አረፋ የሌለበት፣ ግማሹ በፀሐይ ግማሹ በጥላ ያልተኛ መሆን አለበት፤ የሞቀው ውሃ ቀለል ስለሚል በዚያ በኩል ከፍ ብሎ ይታያልና። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ፤ ዓይኔ ከቱቦው ጋር ካልተስማማ ቱቦው ውስጥ አረፋ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜም አገኛለሁ።

ከፍታው ለሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት እንዲሆን ደግሞ ምልክት ያለበት ቀጥ ያለ ሞራሌ ያስፈልጋል። ብሎኬቱ 20 ሳንቲ ሜትር፣ መጋጠሚያው 1 ሳንቲ ሜትር ከተያዘ በየ21 ሳንቲ ሜትሩ ይሰመርበትና በሁለቱም ማዕዘን፣ በመሐሉም ድጋፍ ላይ ያው አንድ ሞራሌ ይለካበታል። በአንዱ ማዕዘን በሜትሮ፣ በሌላው በግምት እየተባለ የሚወጣ ግንብ አሥረኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ልዩነቱ በሳንቲ ሜትር ይቆጠራል። አለመታደል ሆኖ ሲባጎውን በሁለቱ ጫፍ የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

የነፋሱ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ሲባጎው በሜትር 1 ግራም ብቻ የሚመዝን በመሆኑ አቧራና ወረቀት የሚያስነሣ ነፋስ ከራሱ ክብደት በሚበልጥ ኃይል ወደ ጎን ይገፋዋል፤ መርገቡ ወደ ታች እንደሆነ ሁሉ ይህ ደግሞ ወደ ጎን ነው፤ ስሌቱም ያው ነው። ልዩነቱ መርገቡ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ነፋሱ መጥቶ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ጠዋት የተሠራው ረድፍና ከሰዓት በኋላ የተሠራው ረድፍ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት የተለያየ መስመር ይይዛሉ። ካርቶኑ ላይ ክሩ የሚገባበት ቀዳዳ አብጅቶ ክሩን ከሥሩ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም እንዳይሄድ መያዝ ይቻላል። ነፋሱ ከበረታ ግን ረጅሙን ጎን ትቶ ማዕዘን ማውጣት ወይም አጭሩን ጎን መሥራት የተሻለ ነው።

ከነፋስም ከክብደትም ይልቅ ግንብን ሆድ የሚያስወጣው ግን የገዛ እጃችን ነው። ሲባጎ የሚወጠረው ብሎኬቱ እንዲያየው እንጂ እንዲነካው አይደለም። በክሩና በብሎኬቱ ፊት መካከል 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አየር መኖር አለበት፤ እኔ ለተማሪዎቼ «ብርሃን ይለፍበት» እላቸዋለሁ። አንዱ ብሎኬት ክሩን በአንድ ሚሊ ሜትር ከገፋ ቀጣዩ የሚቀመጠው በተገፋው ክር ልክ ነው፤ እርሱም በተራው ጥቂት ይገፋል፤ መሐል ላይ ሲደረስ ሲባጎው የሚያሳየው መስመር የብሎኬቶቹ ሆኗል እንጂ የማዕዘኖቹ መሆኑ ቀርቷል። ከብሎኬቱ ሥር ወደ ውጭ የሚፈስ የተቦካ ሲሚንቶም እንዲሁ ክሩን ያነሣዋል፤ ወዲያው በግንበኛ ማንኪያ መጠረግ አለበት። በአንድ ሲባጎ ላይ ሁለትና ሦስት ግንበኞች ሲሠሩ ደግሞ አንዱ ክሩን ሲነካ ሌላው እያስቀመጠ ይሆናል። የድሮ ሰዎች ክሩን ከመንካታቸው በፊት ጮክ ብለው ይናገሩ ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ጆሮው ላይ ሙዚቃ ስለሰካ ይህ ልማድ እየጠፋ ነው።

አሁን ወደ ባለንብረቱ ኪስ ልመለስ። 40 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር በአንድ ፊቱ 80 ካሬ ሜትር ነው። ጉብጠቱንና ጎድጓዳውን ለማስተካከል በአማካይ 1 ሳንቲ ሜትር ተጨማሪ ልስን ቢያስፈልገው 0.8 ሜትር ኩብ የተቦካ ሲሚንቶና አሸዋ ማለት ነው። አንድ ለሦስት ቢደባለቅ ከ3 ኩንታል የሚበልጥ ሲሚንቶ በአንድ ፊት ላይ ብቻ ይሄዳል። ይህም ልስኑ ከወፈረ በኋላ የሚመጣውን መሰንጠቅና መለየት ሳንቆጥር ነው፤ በአንድ ጊዜ ወፍራም ሆኖ የተለጠፈ ልስን ሲደርቅ ተኮማትሮ ከግድግዳው ይላቀቃል፤ ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይሠራም ቢባል መልሱ ክፍያው ላይ ነው። ግንበኛው የሚከፈለው በካሬ ነው። ለመሐል ድጋፍ ያጠፋው አሥር ደቂቃ በካሬው ውስጥ አይቆጠርለትም፤ ለሳኙ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ስለሆነ የአንዱ ጥፋት ለሌላው ይተላለፋል፤ ሲሚንቶውን የሚያቀርበው ባለንብረቱ ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሠልጥነው ወደ እኔ የመጡ ወጣቶችም ሲባጎ መወጠር የተለማመዱት ሁለት ሦስት ሜትር በማይበልጥ ግድግዳ ላይ እንደነበር ነግረውኛል፤ በዚያ ርዝመት ማንኛውም ክር ቀጥ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን ለመውቀስ አልደፍርም።

«ቀጥ ያለ መስመር በብርሃን የሚያሳየው ሌዘር መጥቶ የለም ወይ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። መጥቷል፤ ጥሩ ነው፤ እኔም ማዕዘኖችንና የመሐሉን ድጋፍ ከፍታ ለማግኘት ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን ርካሾቹ በውጭ ፀሐይ ላይ መስመራቸው አይታይም፤ ብሎኬቱንም የሚያስቀምጠው እጅ ዞሮ ዞሮ የሚከተለው የተወጠረ ክር ነው። ሌዘሩ ሲባጎውን የት ማሰር እንዳለብን ይነግረናል እንጂ አይተካውም።

ስለዚህ አጥር ለሚያስገነቡ አንባቢዎቻችሁ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። በውላችሁ ላይ ግንቡ ከመለሰኑ በፊት እንደሚለካ አስጽፉ፤ ክፍያውም ከዚያ በኋላ ይሁን። እኔ ለራሴ ሥራ የማስቀምጠው ገደብ በ10 ሜትር ውስጥ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ልዩነት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ሦስት የእንጨት ቁራጮች ይቆረጡ። ሁለቱ በግድግዳው ሁለት ጫፍ ላይ ይያዙና ሲባጎ በላያቸው ይወጠር፤ ሦስተኛው በክሩና በግድግዳው መካከል ከዳር እስከ ዳር ይሂድ። አላልፍ ያለበት ቦታ ሆድ ነው፤ ሳይነካካ የሚያልፍበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ሦስት ጊዜ ይደረግ፤ የተገኘውም ቦታ በኖራ ምልክት ይደረግበት።

ግድግዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ከሆነና በዚያ ወቅት ፀሐይዋ የምትመታው ከሆነ ከማለዳው 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ማዕዘኑ ላይ ቁጢጥ ብሎ በአንድ ዓይን ማየትም አይጎዳም። ግንበኛው አብሮ ይቁጠጥ፤ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ያየሁት ከሽማግሌው ጎን ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ የሆነ ግንበኛ፣
ከአዲስ አበባ